ሸማውን ማን ሸመነው? ስለ ሐበሻ ሙስሊም አለባበስ ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዒድ በመጣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይመጣል። አንዷ እህታችን ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ለብሳ ፎቶዋን ትለጥፋለች፤ ሰዓት ሳይሞላ «ይህ እኮ የክርስቲያን ልብስ ነው» የሚል ወንድም ከሥር ይጽፍላታል። ሌላዋ ጥቁር ዐባያ ለብሳ ትወጣለች፤ እሷ ደግሞ ታክሲ ውስጥ «የዐረብ ልብስ ለብሰሽ አገርሽን ረሳሽ?» ትባላለች። ወንዱም አላመለጠም። ጀለቢያ ከለበሰ አንድ ነገር ይባላል፣ ጂንስ ከለበሰ ሌላ ነገር ይባላል።

የሚገርመን ሁለቱ ተከራካሪዎች ሳያውቁት በአንድ ነገር መስማማታቸው ነው። ሁለቱም የኢትዮጵያ ሙስሊም የራሱ የሆነ ልብስ የለውም ብለው ያምናሉ። ለአንደኛው ነጩ ሸማ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ለሌላኛው ሙስሊሙ ራሱ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነው። ይህን እምነት ነው ዛሬ በታሪክ ልንፈትሸው የፈለግነው። ዐውራን ስለመሸፈን ግዴታነት የምንለው አዲስ ነገር የለም፤ እሱን ዑለሞቻችን አስተምረውናል፣ እናውቀዋለን። የኛ ጥያቄ የጨርቁ ጥያቄ ነው፦ ጨርቁ ከየት መጣ? ማን ሸመነው? ማንስ ለበሰው?

ከመጀመሪያው ሂጅራ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሰሓቦች የቁረይሽን ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ከመካከላቸው ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ከነባለቤቱ ነበረበት። እዚሁ ሐበሻ ምድር ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ስሟ አማ ነው፤ በታሪክ የምትታወቀው ግን ኡሙ ኻሊድ በሚለው መጠሪያዋ ነው። ልጅነቷን ያሳለፈችው እዚህ ነው። ቤተሰቡ ወደ መዲና የሄደው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቀሪዎቹን ስደተኞች ይዘው ኸይበር ላይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በተገናኙበት ጊዜ ነው።

ኢማሙ ቡኻሪ በሰሒሓቸው፣ ስለ ልብስ በሚያወራው ኪታብ ውስጥ፣ ይህችኑ ልጅ የሚመለከት ሐዲስ አስፍረዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብሶች መጡላቸው። ከልብሶቹ መካከል ትንሽ ጥቁር ኸሚሳ፣ ማለትም ጥለት ያለው ልብስ ነበረበት። ይህን ለማን እናልብስ ብለው ጠየቁ፤ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ። ልጅቷን ተሸክመው አመጧት። በገዛ እጃቸው አለበሷትና እስኪያረጅ ድረስ ለብሳ እንድትጨርሰው ዱዓ አደረጉላት። እኛ አገር አዲስ ልብስ ለለበሰች ልጅ «በላይሽ ይለቅ» እንደሚባለው ማለት ነው። ልብሱ ላይ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ጥለት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ጥለቱ እየጠቆሙ፣ ኡሙ ኻሊድ ሆይ፣ ይህ «ሰናህ» ነው አሏት። የሐዲሱ ዘጋቢዎች ቃሉን ለዐረብ አንባቢ መተርጎም አስፈልጓቸዋል፦ ሰናህ በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ማለት ነው።

ለኛ ግን ተርጓሚ አያስፈልገንም። ግዕዝ «ሠናይ» የሚለው፣ በአማርኛም እስከዛሬ የምንጠቀምበት ቃል ነው። እስቲ አስቡት፦ ከስደት የተመለሰች፣ በመዲና ልጆች መካከል አነጋገሯ ለየት ሳይል ያልቀረ ትንሽ ልጅ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ ሲያለብሷት ያደገችበትን ቋንቋ መርጠው አሞገሷት። በኛ ቋንቋ ቃል የተመሰገነ ልብስ በቡኻሪ ኪታብ ውስጥ ተመዝግቦ ሲገኝ፣ ኮሜንት ላይ «ሐበሻ ነክ ልብስ ከዲን ያወጣል» የሚለው ወጣት ሐዲሱን ደርሶበት እንደሆነ መጠየቅ ያምረናል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ነጃሺ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ጥቁር ኹፍ፣ ማለትም የቆዳ የእግር ልብስ፣ ልከውላቸው ነበር። አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት ለብሰውት ዉዱእ አድርገው በላዩ ላይ አብሰዋል። በኹፍ ላይ የማበስን ሑክም መድረሳ ስንማር ከምንሰማቸው ሐዲሶች አንዱ እንግዲህ የሐበሻን ቆዳ የሚመለከት ነው። ነጃሺ ከላኳቸው ጌጦች መካከልም የሐበሻ ፈርጥ ያለበት የወርቅ ቀለበት ነበረበት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለልጃቸው ለዘይነብ ልጅ ለኡማማ ሰጥተዋታል። ከልብስ ሁሉ የሚወዱት ደግሞ ሒበራ የሚባለውን የየመን ሽምን እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) ነግረውናል። በተቡክ ዘመቻ ላይ የሮም አገር ጁባ ለብሰው እጀታው ጠቦባቸው ዉዱእ ለማድረግ እጃቸውን ከሥር አውጥተው እንደታጠቡ ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ሮም ያኔ ሙስሊም አልነበረችም፤ ሸማኔውም ሙስሊም አልነበረም። የመን፣ ሻም፣ ሐበሻ፤ የአንድ ሰው ልብስ ሳጥን ውስጥ ሦስት አገር።

አሁን ወደ ራሳችን ምድር እንምጣ።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል-ዑመሪ በዚያን ጊዜ በአገራችን ስለነበሩት ሰባት የሙስሊም መንግሥታት፣ ስለ ኢፋት፣ ስለ ደዋሮ፣ ስለ ሐድያ፣ ስለ ባሊና ስለ ሌሎቹ ጽፎ ትቶልናል። እሱ ራሱ አልመጣም፤ መረጃውን ያገኘው ግብፅ ከሄዱት ከሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒና ከሌሎች የአገሩ ሰዎች ነው። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ አለባበስን ይመለከታል። ገዢው ራሱን በሐር ጨርቅ ያስራል፤ ፉቀሃዎች ጥምጥም ይጠመጥማሉ፤ ተራው ሕዝብ ነጭ ቆብ ያደርጋል ይላል። ከዚያው ዘመን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1331፣ ኢብኑ በጡጣ በዘይላ በኩል አልፎ ሞቃዲሾ ሲደርስ አስተናጋጆቹ የአገሩን ሰው ልብስ አለበሱት፤ በሱሪ ፈንታ ወገብ ላይ የሚታሰር ፉጣ ነበረበት።

እነዚህን ሁለት ምስክሮች ይዛችሁ ዛሬ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ጂግጂጋ ወይም ወደ አሳይታ ሂዱ። ሽርጥ የታጠቀ፣ ነጭ ኮፊያ ያደረገ ሽማግሌ ታገኛላችሁ። አፋሩ ሽርጡን ሳናፊል ይለዋል። ጥምጥም ያደረገ ሸይኽም አታጡም። ወጣቱ «የገጠር ሰው ልብስ» ብሎ የሚያልፈው ይህ አለባበስ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ነው። ከጂንስ ሱሪም፣ ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ጀለቢያም በብዙ ይቀድማል።

ነጩ ሸማስ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት አለብን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በቀድሞው ሥርዓት ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። መሬት የሌለው ሰው የሚኖርበት መንገድ ጥቂት ነው፤ ይነግዳል ወይም በእጁ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ሙስሊሞቹ ወደ ቀሃ ወንዝ ዳር ወረዱ፤ ሰፈራቸው እስላም ቤት፣ አዲስ ዓለም ተባለ። እዚያ ምን ይሠሩ ነበር? ነጋዴውም ሸማኔውም ከዚያ ሰፈር ነበር። በትግራይ የነበሩት ጀበርቲዎችም እንዲሁ ነጋዴዎች፣ ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። በሸዋ አንኮበር ግርጌ ባለችው በአልዩ አምባና በወሎ ሾንኬ የኖሩት አርጎባዎችም በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው።

ሸማኔ መሆን ክብር ያለው ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር፤ ነጋዴው ደግሞ «መጫኛ ነካሽ»። ስድቡ ከመብዛቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በጥምቀትና በፋሲካ ጎልቶ የሚታየው ነጭ ኩታ፣ መኳንንቱ የሚያጣፋው ሸማ፣ ከብዙዎቹ የሰሜን ከተሞች የሚወጣው ከሙስሊም ሸማኔ ጉድጓድ ነበር። ቤተ እስራኤሎችም ይሸምኑ ነበር፤ ከደቡብ ደግሞ ዛሬ ሽሮ ሜዳን የሞሉት ዶርዜዎች አሉ። ፈትሉን የምትፈትለው ግን የትኛዋም የቤት እመቤት ናት። ክርስቲያኗ እናት በእንዝርት የፈተለችውን ጥጥ ለሙስሊሙ ሸማኔ ትወስዳለች፤ እሱ ድርና ማግ አድርጎ ይመልስላታል። አንዱን ጋቢ ማን ሠራው ቢባል መልሱ ሁለት ሃይማኖት ነው።

ስለዚህ «ሸማ የክርስቲያን ነው» የሚለው ወንድማችን የአያቱን የእጅ ሥራ አንሥቶ ለሌላ እየሰጠ መሆኑን ቢያውቅ ደስ ይለናል። በሸማ ላይ የሚጠለፈው የመስቀል ምስል ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሙስሊም አይለብስም፣ አያቶቻችንም አልለበሱም። ሽሮ ሜዳ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው «መስቀል የሌለበት ይሁንልኝ» ማለት በቂ ነው፤ ሸማኔው ሳይገረም ሌላ ጥለት ያወጣል።

የልብስ ምልክት የሞት የሽረት ጉዳይ የሆነበት ዘመንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። መሪው መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ብዙ ዑለሞች ተሰደዱ፣ ብዙዎች ተዋጉ፣ ሌሎች ደግሞ በግድ ተጠምቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። «የቀን ክርስቲያን፣ የሌሊት እስላም» የሚለው አባባል የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። የክርስትናው የሚታይ ምልክት ደግሞ ማተብ ነው፤ አንገት ላይ የምትታሰር አንዲት ክር። በአማርኛችን እምነት የለሽን ሰው «ማተብ የለሽ»፣ ታማኝነቱን የሚናገርን «ማተብ አለኝ» የሚያሰኘውን ቋንቋ ስታስቡ ያለ ክር የሚሄድ ሰው በዚያ ዘመን በምን ዓይን ይታይ እንደነበር ይገባችኋል። አለባበስ የሰው ምርጫ ነው፣ የግል ጣዕም ነው እንላለን ዛሬ። ለነዚያ አያቶቻችን የአንገት ክር ምርጫ አልነበረም።

ሐረር ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሐረር የራሷ አሚር፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ሸማኔ ያላት ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ጥር 1855 እ.ኤ.አ. ጁገል ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ቆይቷል። በርተን ሐረሪዎችን እንደልቡ የተሳደበ ሰው ነው፤ ስለ ሰዎቹ ጠባይ የጻፈውን ማመን አያስፈልግም። ስለ ጨርቁ ግን ሊዋሽ አልቻለም። የሐረር ሸማኔ በእጁ የሠራው ልብስ በውበትም በጥንካሬም የአውሮፓን ፋብሪካ ምርት በብዙ እንደሚያስንቅ ጽፏል። የሴቶቹንም አለባበስ በዝርዝር አስቀምጦታል። በሰማያዊ ወይም በቡናማ ቀለም የተነከረ ሰፊ ቀሚስ፣ ከፊትና ከኋላ ጫፉ ወደታች የሆነ ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ወገብ ላይ ነጭ መቀነት። ፀጉር ለሁለት ተከፍሎ ከጆሮ ኋላ ተጠቅልሎ፣ በጥቁር ሰማያዊ ስስ ጨርቅ ወይም መረብ ይሸፈናል። ከበርቴዎቹ ሴቶች ከቤት ሲወጡ ሰማያዊ ጨርቅ ከራሳቸው ላይ ይጥላሉ።

ይህ የፀጉር መረብ ዛሬም አለ፤ ጉፍታ ይባላል። ያገባች ሴት ምልክት ነው። ልጃገረዷ አታደርገውም። በሐረር ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ጉፍታ ስታስር የቤተሰቡ እናቶች የሚሰበሰቡት ለዚህ ነው፤ ልጅቷ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት መሻገሯን የሚናገረው እሱ ነው። የአፋር ሴትም ስታገባ ጥቁር ሻሽ ታስራለች። አንድ ቃል ሳይነገር ማን የማን ሚስት፣ ማን ገና ልጅ እንደሆነች ሰው ሁሉ ያውቃል። ጉፍታን ከሒጃብ ጋር እያነጻጸሩ «ይህ በቂ ነው፣ ያ በቂ አይደለም» የሚሉ ክርክሮችን አይተናል፤ በርተን ራሱ እንደጻፈው የሐረር ሴት ከቤት ስትወጣ በላዩ ሌላ መሸፈኛ ትደርብ ነበር። ጉፍታው ለቤተሰብ የሚናገር ነው፣ ከላይ የሚደረበው ለመንገድ ነው። አያቶቻችን ሁለቱን አላምታቱም።

ሐረር የሄደ ሰው ከፈረስ መጋላ ወደ ጁገል መሐል የምትወስደውን ጠባብ መንገድ ያውቃታል፤ መኪና ግርግር። ስሟን ያገኘችው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። በጥዋት ጨርቅ ገዝተው ለሰፊው ይሰጣሉ፣ ከሰዓት ለብሰው ይመለሳሉ። ያ የበርተንን ዓይን የማረከው የእጅ ሽመና ግን ተዳክሟል። ምክንያቱ ጦርነት ብቻ አይደለም፤ አቡጀዲ ነው።

አቡጀዲን አሳንሰን እንዳናየው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች የሚወጣ ርካሽ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በዛንዚባርና በዐደን በኩል ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቀለቀ። ስዋሂሊዎች «መሪካኒ» አሉት፣ እኛ አቡጀዲ አልነው። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካ ሮበርት ስኪነርን ወደ ዐፄ ምኒልክ ልካ የንግድ ውል ስትፈራረም ከዋና ምክንያቶቿ አንዱ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነበር። ያንን ጨርቅ ከወደብ ወደ መሃል አገር ያጓጉዙ ከነበሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። እንግዲህ አንዱ ሙስሊም የሸመነውን ሌላው ሙስሊም ያመጣው ጨርቅ ከገበያ አስወጣው። «ባህላዊ ነጭ ልብስ» ብለን የምናከብረው የገጠር ልብስ ስንቱ የአሜሪካ ጥጥ እንደነበር ማን ያስባል?

ከዚያ በኋላ የከተማው ዘመን መጣ። ኮት፣ ሱሪ፣ ካኪ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የከተማ ወጣት ሙስሊምም ክርስቲያንም ሳይል አፍሮ አጎፍሮ ቤል ቦተም ለበሰ። በነገራችን ላይ የሴት ልብስ ጉዳይ የሃይማኖት ሰው ብቻ ጭቅጭቅ የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ያንብብ። የፋሽን ትርዒት ሊካሄድ ሲል ተራማጅ የሚባሉት ተማሪዎች «የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው» ብለው ረብሻ አስነሡ፤ ትርዒቱን ለማየት የመጡ ሰዎች ተደበደቡ፣ እንቁላል ተወረወረባቸው። ሚኒስከርቱን የተቃወመው ሸይኽ ወይም ቄስ አልነበረም፤ ማርክስን የሚያነብ ተማሪ ነበር። እያንዳንዱ ትውልድ ጦርነቱን ሴት ልጅ ልብስ ላይ ወስዶ መፋለም ለምን እንደሚቀናው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ መቶ ሺህ ያህል ሰው የወጣበት የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባል ነበር። አንድ ቅጽል ነው፤ ግን ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የሚኖር ሰው እንግዳ ነው፣ ልብሱም የእንግዳ ልብስ ነው። የአገሩ ሰው ግን ምንም ይልበስ ምን የአገሩ ሰው ነው።

ከ1983 በኋላ በሩ ተከፈተ። ሐጅ የሚሄደው ሰው በዛ፣ ኪታብ ገባ፣ መድረሳ ተስፋፋ፣ ልብስም አብሮ ገባ። መርካቶ አንዋር መስጂድ ዙሪያ ያሉት ሱቆች ጂልባብ፣ ኒቃብ፣ ዐባያ፣ የወንድ ጀለቢያ ሞሉ። ይህን ብዙ ሰው «የዐረብ ባህል ወረራ» ይለዋል፤ በሌላ በኩል «የኢስላም መነቃቃት» የሚለው አለ። ሁለቱም የዘነጉት አንድ ሰው አለ፤ ሻንጣውን ተሸክማ የመጣችው እህታችን።

ከወሎ፣ ከጂማ፣ ከአርሲ፣ ከስልጤ ስንት ልጅ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ኩዌት፣ ዱባይ፣ ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች? በ2006 ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ቦሌ ላይ የወረዱት ልጆች ስንቶቹ ያለ ደሞዝ፣ ያለ ጤና እንደመጡ የምናውቅ እናውቃለን። ብዙ ቤት ውስጥ የተንጠለጠለው ጥቁር ዐባያ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ታላቅ እህት የላከችው ነው። ታናሿ ስትለብሰው የሳዑዲን ባህል እየተኮረጀች አይደለም፤ የእህቷን የሁለት ዓመት ድካም ነው የለበሰችው። ለእናቷ የተላከውን ሽቱና ብርድ ልብስ፣ ለአባቷ የተላከውን ሰዓት በዚሁ ዓይን እዩት። «የዐረብ ልብስ» ብሎ ታክሲ ውስጥ የሚተቸው ሰው ያንን ልብስ ማን እንደከፈለበት አያውቅም።

ወጣቱም ቢሆን ያላስተዋለው ነገር አለ። ከውጭ የመጣው ሁሉ ሱና፣ እዚህ የነበረው ሁሉ ጀሃላ የሚመስለው ወንድም ገጥሞናል። የአያቱን ሻሽና ሰፊ ቀሚስ ይንቃል፣ ወገብ ላይ የጠበበና በጌጥ ያብለጨለጨ ዐባያ ግን ስሙ ዐባያ ስለሆነ ብቻ ያከብራል። መመዘኛው የልብሱ ስምና የመጣበት አገር ከሆነ ከላይ ያነሣነው የሮም ጁባ የት ሊገባ ነው? ዑለሞች ያስቀመጡት መመዘኛ ይታወቃል፦ ይሸፍናል ወይ፣ ቅርጽ ያወጣል ወይ፣ ስስ ነው ወይ፣ የሌላ ሃይማኖት መለያ ነው ወይ፣ ለኩራትና ሰው እንዲያየኝ ተብሎ የተለበሰ ነው ወይ። ለዝና የሚለበስን ልብስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል፤ የዝና ልብስ ደግሞ ውድ ሱፍም ሊሆን ይችላል፣ የተቀደደ ቡቱቶም ሊሆን ይችላል።

ሰውየው ራሱ በልብሱ ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ከፈለጋችሁ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን (ረ.ዐ) አስታውሱ። የመካ ቄንጠኛ ወጣት ነበር፤ እንደሱ የሚለብስ፣ እንደሱ ሽቱ የሚቀባ አልነበረም። ሲሰልም ቤተሰቡ ያን ሁሉ ነፈጉት። እሱም ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱ ነው፤ ይህንን አፈር ረግጧል። ኡሑድ ላይ ሸሂድ ሲሆን ለከፈን የተገኘው አንድ ልብስ ብቻ ነበር። ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይወጣል። በመጨረሻ ራሱን በልብሱ፣ እግሩን በኢዝኺር ሣር ሸፍነው ቀበሩት።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍን። በ2017 የትምህርት ዘመን አክሱም ላይ የሁለተኛ ደረጃ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ በማድረጋቸው ለ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ መቀሌም ላይ ሰልፍ ተወጣበት። አክሱም ማለት የነጃሺ መንግሥት መቀመጫ፣ ሰሓቦች የተጠለሉበት ምድር ናት። የእነዚያ ተማሪዎች ቅድመ አያቶች ለዘመናት ለከተማዋ ሰው ሸማ ሲሸምኑ የኖሩት ጀበርቲዎች ናቸው። ለአገሩ ሁሉ ነጠላ የሠራ ሰው ልጅ የራሷን ራስ የምትሸፍንበት ጨርቅ ላይ ፈቃድ ተጠየቀች።

እህትና ወንድሞቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። አያት ያላችሁ፣ ዒድ ሳይደርስ ሳጥናቸውን አስከፍቷቸው። ያ ጨርቅ ስሙ ምን ይባላል? ማን ሸመነው፣ ከየትኛው ገበያ ተገዛ፣ ለማን ሰርግ ተለበሰ? ጻፉት፣ ፎቶ አንሡት። በወሎና በጎንደር፣ በአርጎባና በሐረር የነበሩ የጥለትና የቀለም ስሞች ከአሮጊቶቹ ጋር እየሄዱ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አዲስ ነገር እያየን ነው። ሱቆች ውስጥ ጫፉና እጀታው ላይ የአገር ጥለት የተሰፋበት ዐባያ ይሸጣል፤ ጨርቁ ከዱባይ፣ ጥለቱ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ ስፌቱ ከመርካቶ። አንዳንዱ ሰው አይቶ ይስቃል፣ አንዳንዱ «ይህ ምኑም ያልሆነ» ይላል። ልጆቹ ግን ለዒድ ለብሰውት ይወጣሉ፤ ጥቁር ልብስ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ጥለት።

ወላሁ አዕለም።